የሰባራ ድልድይ ዘመድ በዋሽንግተን

የሞጣ ሰው ሰባራ ድልድይ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። በፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ ዓባይ ላይ ተሠራ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ቅስቱን አፈረሱት፤ ከዚያ በኋላ ጎጃሜው ወደ በጌምድር፣ በጌምድሬው ወደ ጎጃም ሲሻገር ወገቡን በገመድ ታስሮ ይጎተት ነበር። ይህን በመጽሔት ፎቶ ያየ አንድ አሜሪካዊ ሰዎችን አስተባብሮ መጣና እ.ኤ.አ. በ2002 የጎደለውን መሐል በብረት ገጠመው። (ከሦስት ዓመት በኋላ ጎርፍ ብረቱን ወሰደው። ዓባይ ለእንግዳ አይሳሳም።) ግራና ቀኙ የጥንት ድንጋይ፣ መሐሉ የባዕድ ብረት፣ መጋጠሚያው ገሃድ! ሠዓሊዎች «ሚክስድ ሚዲያ» የሚሉትን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠዓሊው በሸራና በቀለም አይወሰንም፤ ቆዳ፣ የዛፍ ልጥ፣ የተቀደደ ካርቶን፣ ፎቶግራፍ ይጨምራል። ስለዚህ «ምን ሣለ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ «በምን ሠራው?» በሉ። ቁሱ ራሱ አገር አለው።

በተለይ ሠሪው አንድ እግሩ አዲስ አበባ፣ አንዱ ዋሽንግተን ሲሆን። እ.ኤ.አ. በ2003 ዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ሥራ ሰብስቦ ሲያሳይ ከመካከላቸው አንጋፋው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ነበር። በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ፤ እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ አባቱ ከአርመን ወገን የሚወለድ የክብር ዘበኛ መኮንን። ለንደንና ፓሪስ ተማረ። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1965 የገዛው ሥራው ተቆርጦና ተቀዶ ቀለም የተቀባ ካርቶን ነው። አዲስ አበባ መጥቶ ጥቂት ዓመት አስተማረና ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሠላሳ ዓመት ገደማ አስተምሮ በዚያው በ2003 ዋሽንግተን ውስጥ አረፈ።

አሁን ዲማ ጊዮርጊስ ደጅ ያደጋችሁ የብቸና ልጆች ወደ እኔ ጠጋ በሉ፤ ይህን ከኒውዮርክ ሐያሲ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ቆዳው ይዘፈዘፋል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ብራና ይሆናል። ደብተራው ክታብ ሲያዘጋጅ ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቀጥለዋል፤ ጽሑፉን በጥቁርና በቀይ ይጽፋል፤ በየመሐሉ ትልልቅ ዓይኖች ይሥላል። ዓይኖቹ የሚያዩት ሰውን አይደለም፤ ጋኔኑን ነው። የእስክንድር ሥራዎች ከዚህ ጥቅልል ብዙ ወስደዋል፦ ላይ በላይ የተደረደሩ ክፍሎች፣ የሚያፈጡ ዓይኖች፣ ፊደል የሚመስሉ ግን የማይነበቡ ምልክቶች።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በ1981 የሠራው አንድ የታወቀ ሥራ በብራና ፈንታ በዛፍ ልጥ ላይ ነው። የልጥ ልብስ የጎጃም አይደለም፤ ወደ ኡጋንዳ ሂዱ። ሃዋርድ የጥቁር አሜሪካውያን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በዚያ ዘመን ተማሪዎቹ አፍሪካቸውን ይፈልጉ ነበር። ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው እዚያ ሲደርስ ሸዋ፣ ጎጃም፣ ሐረር የሚል የለም፤ ጥቁር ነህ፣ አፍሪካዊ ነህ ይሉታል። እስክንድር በፓሪስ የጀመረውን ይህን ሰፊ አፍሪካዊነት አሜሪካ ውስጥ እንደ ቁስ ተጠቀመበት ብዬ አምናለሁ።

ሠዓሊዋ ጁሊ ምሕረቱ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደች። በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በሰባት ዓመቷ ሚሺጋን ገባች። በ2017 ለሳን ፍራንሲስኮ ሙዚየም የሠራቻቸው ሁለት ሥዕሎች እያንዳንዳቸው 8 ሜትር ይቆማሉ፣ ወርዳቸው 10 ሜትር ይጠጋል። ከሥር የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎች ያሞገሱት የምዕራብ አሜሪካ ተራራና ሸለቆ አለ፤ በላዩ የጎዳና ተቃውሞ ፎቶግራፎች፤ ሁሉም በኮምፒውተር እስኪደበዝዝ ተዋህዶ፣ ከዚያ በእጅ ቀለም ተጭሮበት። ውቡን አገር ያለ ሁከቱ ማየት አይቻልም። እዚህ ላይ መጋጠሚያው ጠፍቷል፤ እኔ በበኩሌ የእስክንድርን ግልጽ ስፌት እመርጣለሁ።

ሳይሄድ ሥራው የሄደለትም አለ። የብቸናው ቄስ አዳሙ ተስፋው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጥበብን በጨርቅና በፋብሪካ ቀለም ሲሠራ ኖሯል፤ በ2005 ሎስ አንጀለስ የሚገኘው ፋውለር ሙዚየም ለእሱ ብቻ የሆነ ዐውደ ርእይ አዘጋጀ።

የእስክንድር የመጨረሻ ትልቅ ሥራ ዋሽንግተን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ ነው። ሶማሊያ ውስጥ አሥር ዓመት ያህል ታስራ ከወጣችው ሠዓሊና ገጣሚ ከበደች ተክለአብ ጋር በ2001 ሠሩት፤ አልሙኒየም በግራናይት ላይ። የክርስትናው፣ የእስልምናው፣ የቤተ እስራኤሉ፣ የአገር ቤቱ እምነት ምልክቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስሙ «ኔክሰስ» ነው፤ በእኛ ቋንቋ መጋጠሚያ። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ብዙ ሐበሻ ያችን የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ለማውጣት ጉዳዩን ሲያመጣ የኖረው ወደዚሁ ኤምባሲ ነው።