የሎተሪው ብር ከዕጣው በኋላ የት ይገባል? የሚኒሶታ ሮቶና የቧንቧው ጠባቂዎች

ሎተሪ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ዕጣው እስኪወጣ ድረስ ያለውን ነው፤ ትኬት መግዛት፣ ቁጥር ማመሳከር፣ ካልደረሰን ደግሞ ቀዶ መጣል። እኔን ግን ይበልጥ የሚያጓጓኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ለባለ ዕድሎች ተከፍሎ፣ ወጪው ሁሉ ተሸፍኖ የሚተርፈው ብር የት ይገባል? ወዲያው ይበላል ወይስ እየሠራ ይቆያል? ከቆየስ ማን ይጠብቀዋል?

ጥያቄውን በወሬ ደረጃ ከምንተወው አንድ እውነተኛ ቦታ ይዘን እንየው። ቦታው የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ስለሆነች ምናልባት አንዳንዶቻችሁ ይህን የምታነቡት ከዚያው ይሆናል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አደራ ፈንዱ እንዴት ተፈጠረ?

የሚኒሶታ ሕዝብ በ1988 በሁለት ነገሮች ላይ ድምፅ ሰጠ። አንደኛው ግዛቲቱ ሎተሪ እንድታካሂድ የሚፈቅድ ነበር። ሁለተኛው የአካባቢና የተፈጥሮ ሀብት አደራ ፈንድ የሚባል ካዝና በሕገ መንግሥቷ ውስጥ እንዲቋቋም የሚያደርግ ነበር። ሁለቱም አለፉ። በ1990 ደግሞ መራጮች ሁለቱን አገናኟቸው፤ ከሎተሪው የተጣራ ገቢ 40 በመቶው ወደዚህ ፈንድ እንዲገባ ወሰኑ። ቀሪው 60 በመቶ ወደ ግዛቲቱ ጠቅላላ በጀት ይሄዳል።

ወደ ፈንዱ የገባው ገንዘብ ቁጭ አይልም። አክሲዮንና ቦንድ ይገዛበታል፣ ያተርፋል፣ ትርፉም መልሶ ያተርፋል። ዛሬ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። ከእሱ በሚወጣው ገንዘብ ሐይቆች፣ ደኖች፣ መናፈሻዎችና ምርምሮች ይደገፋሉ። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ዚብራ መስል የምትባል ጣት የማታህል ባለ ዛጎል እንስሳ ከሌላ አህጉር መጥታ የሚኒሶታን ሐይቆች እየወረረች ነው። እሷንና መሰሎቿን የሚያጠናው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል ከዚህ ፈንድ ድጋፍ አግኝቷል። ሎተሪ ቆርጦ ያልደረሰው ሰው፣ ሳያውቀው የአንድ ተመራማሪን ማይክሮስኮፕ ገዝቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እስቲ ሮቶ እናስብ

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። አትፍሩ፣ መደመርና መቀነስ ብቻ ነው። ፈንዱን ጣሪያ ላይ እንደተሰቀለ የውኃ ሮቶ ውሰዱት። ሁለት መግቢያና ሁለት መውጫ አለው። የመጀመሪያው መግቢያ የኢንቨስትመንት ትርፍ ነው፤ ሁለተኛው የሎተሪው ገንዘብ ነው። አንደኛው መውጫ ምክር ቤቱ ለሥራ የሚያወጣው ገንዘብ፣ ማለትም ቧንቧው ነው። ሌላኛው መውጫ ደግሞ ዓይን አያየውም፤ የዋጋ ንረት ነው። እንደ ትነት አስቡት። ብሩ እዚያው ይኖራል፣ የመግዛት አቅሙ ግን ይቀንሳል።

ለምሳሌ ያህል ብቻ ቁጥር እንስጥ። (የእውነተኛው ፈንድ ቁጥሮች አይደሉም፣ ለማስላት እንዲመቸን የመረጥኳቸው ናቸው።) ሮቶው 100 ሊትር ይዟል። በዓመት ከትርፍ 8፣ ከሎተሪ 2 ሊትር ይገባል። 3 ሊትር ይተናል።

ቧንቧው 5.5 ሊትር ቢያወጣ፣ 8 + 2 − 3 − 5.5 = 1.5 ይሆናል። ሮቶው ይሞላል።

ቧንቧው 7 ሊትር ቢያወጣ፣ 8 + 2 − 3 − 7 = 0። ባለበት ይቆያል።

አሁን ሎተሪውን እንዝጋው። 5.5 ስናወጣ በዓመት ግማሽ ሊትር እናጣለን። 7 ስናወጣ ግን 2 ሊትር። "2 ሊትር ምን አላት?" እንዳትሉ! በየዓመቱ 2 በመቶ እየጎደለ ከሄደ፣ ከ35 ዓመት በኋላ ሮቶው ግማሹን ያጣል። ማንም አልሰረቀም፣ ሮቶውም አልተቀደደም፤ ቧንቧው ትንሽ ሰፍቶ ነው እንጂ።

5.5 እና 7ን ያመጣሁት ዝም ብዬ አይደለም። የሚኒሶታ ሕገ መንግሥት ለረጅም ጊዜ በየዓመቱ ከፈንዱ የገበያ ዋጋ ከ5.5 በመቶ በላይ እንዳይወጣ ይከለክል ነበር። በኖቬምበር 2024 ግን መራጮች ጣሪያውን ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረጉት። በዚያው ድምፅ፣ ጊዜው ሊያበቃ የነበረውን የሎተሪ ድርሻ እስከ 2050 አራዘሙት። ስሌታችንን አስታውሱ፤ ቧንቧውን እያሰፉ ሁለተኛውን መግቢያ መዝጋት አደገኛ ነው። ሁለቱ ውሳኔዎች አብረው መምጣታቸው ትርጉም የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ሌላም ብልኃት አለ። ጣሪያው የተቀመጠው በተወሰነ የዶላር መጠን ሳይሆን በመቶኛ ነው። አክሲዮን ሲወድቅ የፈንዱ ዋጋ ይቀንሳል፣ ሊወጣ የሚችለውም አብሮ ይቀንሳል። እኛ መሐንዲሶች ይህን ፊድባክ እንለዋለን፤ ሮቶው ሲጎድል ቧንቧው ራሱ ይጠብባል። የዶላር መጠን ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ በክፉ ዓመትም ያንኑ ያህል እየቀዳን ታችኛው ላይ እንደርስ ነበር።

ታዲያ ጠባቂው ማን ነው?

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የምክር ቤት አባላት ተሰብስበው "የዚህን ኩባንያ አክሲዮን ግዙ፣ ያንን ሽጡ" አይሉም። ሥራው ተከፋፍሏል።

ገንዘቡን የሚያሠራው የግዛቲቱ የኢንቨስትመንት ቦርድ ነው። አባላቱ አራት ናቸው፤ አገረ ገዢው፣ የግዛቲቱ ኦዲተር፣ የግዛቲቱ ጸሐፊና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ። አራቱም በሕዝብ የተመረጡ ናቸው። ምክር ቤቱ ደግሞ ቦርዱ ምን ዓይነት ሀብት መግዛት እንደሚችልና ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለበት በሕግ ይወስናል። በምክር ቤቱ ሥር ያለው የኦዲት ቢሮም መዝገቡን ይመረምራል።

ገንዘቡ ለየትኛው ሥራ ይውጣ የሚለውን መጀመሪያ የሚያየው 17 አባላት ያሉት ኮሚሽን ነው። 5 ከላይኛው ምክር ቤት፣ 5 ከታችኛው፣ 7 ደግሞ የምክር ቤት አባል ያልሆኑ ዜጎች ናቸው። ኮሚሽኑ ማመልከቻዎችን በይፋ አወዳድሮ ሐሳብ ያቀርባል፤ ከዚያ ምክር ቤቱ በሕግ ያጸድቃል፣ አገረ ገዢው ይፈርማል።

በወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ ነው። ግን አንድ ችግር አለ። ምክር ቤቱ የፈንዱ ጠባቂ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡን የሚፈልገውም እሱ ነው! በጀት ሲጠብበት፣ ጣሪያው ላይ የሞላ ሮቶ ቁጭ ብሎ ያየዋል።

የ2018ቱ ፈተና

ይኸው ደረሰ። በ2018 ምክር ቤቱ ለፍሳሽ ማጣሪያና ለመሳሰሉ ግንባታዎች 98 ሚሊዮን ዶላር በቦንድ እንዲበደሩና ዕዳው ከዚህ ፈንድ እንዲከፈል ወሰነ። ደጋፊዎቹ የሚናቅ ክርክር አልነበራቸውም። "ፍሳሽ ካልተጣራ ወንዙ ይበከላል፤ ታዲያ ይህ የአካባቢ ጥበቃ አይደለም?" አሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ "እንዲህ ዓይነት ግንባታ እስከ ዛሬ የሚሠራው በግዛቲቱ መደበኛ ብድር ነው። አሁን በአደራ ገንዘብ ከተተካ፣ ፈንዱ ተጨማሪ ሥራ መሥራቱ ቀርቶ የበጀት ቀዳዳ መድፈኛ ይሆናል" አሉ። የአካባቢ ጥበቃ ቡድኖች ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2019 ምክር ቤቱ ራሱ ውሳኔውን ሻረና ግንባታዎቹ በመደበኛው የግዛቲቱ ብድር እንዲሠሩ አደረገ። በ2024ቱ ማሻሻያም የፈንዱ ገንዘብ ለፍሳሽ ማጣሪያ ግንባታ እንዳይውል በሕገ መንግሥቱ ተጻፈ።

ልብ በሉ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብር ይዞ የጠፋ ሰው የለም። ሁሉም የሆነው በአደባባይ፣ በድምፅ ብልጫ ነው። ቁጥጥር ሲባል ሌባ መያዝ ብቻ የሚመስለን ካለን፣ ይህን ዓይነቱን ነገር አናየውም። አደራ የሚጎድለው በመስረቅ ብቻ ሳይሆን፣ ለደግ ነገር እየተባለ ከታሰበለት ዓላማ ትንሽ በትንሽ በመውጣትም ነው።

የሚኒሶታ መፍትሔ ዋናውን ቁልፍ ምክር ቤቱ ብቻውን እንዳይዘው ማድረግ ነው። ጣሪያውና የሎተሪው ድርሻ በተራ ሕግ አይቀየሩም፤ ሕዝቡ ድምፅ መስጠት አለበት። ያውም ቀላል አይደለም። በዚያች ግዛት ሕገ መንግሥት የሚሻሻለው በምርጫው ከተሳተፉት ሁሉ ከግማሽ በላይ "አዎ" ሲሉ ነው። ጥያቄውን ባዶ የተወ ሰው "አይሆንም" እንዳለ ይቆጠራል። እንዲያም ሆኖ በ2024 ከአራት መራጮች ከሦስት በላይ የሚሆኑት "አዎ" ብለዋል።

የሎተሪ ይሁን የጡረታ ወይም የነዳጅ፣ ስለ ማንኛውም የሕዝብ ፈንድ ስትሰሙ አራት ነገር ጠይቁ። በዓመት ምን ያህል ይገባል? ምን ያህል ይወጣል? የዋጋ ንረት ስንቱን ይበላል? የቧንቧውን ስፋት የሚቀይረውስ ማን ነው? የመጀመሪያዎቹን ሦስት መልሶች ደምሩና ቀንሱ። ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ፣ አራተኛውን ጥያቄ ጮክ ብላችሁ ጠይቁ።