ግድግዳ የተደገፈው ላሜራ

ባለፈው ክረምት ለአንድ ዘመዴ በር ለማሠራት ሀደሮ ከተማ ወደሚገኝ አንድ ብየዳ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ባለቤቱ የሁለት ሜትር ቱቦላሬ ፍለጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ክምሩን ሲያገላብጥ ቆየና በመጨረሻ ከአዲሱ ባለ 6 ሜትር ብረት ላይ ቆረጠ። የፈለገው ቁራጭ የተገኘው እኔ ከተቀመጥኩበት ክምር ሥር ነው። ሳቅን። ለነገሩ የሚያስቅ አልነበረም፤ የብረት ጥሬ ዕቃ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነውና፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ሜትር ማባከን ከቀድሞው ይበልጥ ያማል።

ያስደነገጠኝ ግን ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ላሜራ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ብረት 7,850 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በዚህ ስሌት 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ፣ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ከ31 ኪሎ ይበልጣል፤ አሥሩ ከ3 ኩንታል በላይ ማለት ነው። ተለማማጁ ልጅ የኋለኛውን ለማውጣት የፊተኞቹን እንደ መጽሐፍ ገጽ እየገለጠ ወደ ደረቱ ያስደግፋል። አንድ ሁለቱን ይችላል። አምስት ስድስት ሲደርሱ ግን ክብደቱ ከግድግዳው ወደ እርሱ ይዞራል፤ የሚሸሽበትም ጊዜ አያገኝም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። «የእህቴ ልጅ ነው» የሚለው መልስ ደግሞ የልጁን እግር አያድንም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ከአንግል ብረት የተበየደ፣ ወለሉ ላይ በደንብ የታሰረ ባለ ክፍልፋይ ማቆሚያ ይሠራል፤ በየክፍሉ ጥቂት ላሜራ ብቻ ይገባል። ብዛቱ አነስተኛ ከሆነ በጣውላ ላይ ማስተኛት ይበቃል።

ረጃጅሙ ብረት ክንድ ባለው መደርደሪያ ላይ ይጋደማል። ቋሚዎቹ ሁለት ብቻ ከሆኑ ቀጭኑ ብረት መሐሉ ይጎብጣል፤ ሦስት ወይም አራት ይሁኑ። የክንዶቹ ጫፍ ትንሽ ወደ ላይ ቢነሳ ብረቱ አይንከባለልም። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ። አንድ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቶንዲኖ በ12 ሜትር ርዝመቱ ከ10 ኪሎ ተኩል ስለሚበልጥ፣ ቀጭን ነው ብሎ ከራስ በላይ መቆለል አይገባም። ቤቱ ከ6 ሜትር ካጠረ መደርደሪያው በውጭ ግድግዳ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ሊሠራ ይችላል። ብቻ ብረቱ አፈር አይንካ። ቱቦላሬ ውኃ ከቋጠረ ከውስጥ ነው የሚበላው፤ ገዢው የሚያውቀው በሩ ከተሰቀለ በኋላ ነው። ስለዚህ በትንሹ ዘንበል ብሎ ይቀመጥ፤ ቀድሞ የገባውም ቀድሞ ይውጣ።

ለቁርጥራጩ አንድ ደንብ ይበቃል፦ ከስንዝር ያነሰው ለቁራሌው፣ የተረፈው በየዓይነቱ በተቆረጠ በርሜል ውስጥ። መጠኑና ውፍረቱ በቀለም በአንድ ጫፉ ይጻፍ፤ የሚቆረጠውም ምልክት ከሌለበት ጫፍ ይሁን። አለዚያ ጽሑፉ ከመጀመሪያው ቁራጭ ጋር ይሄዳል።

የሕግ ሰው ነኝና ደብተሩን ሳላነሳ አላልፍም። በሚንቀሳቀስ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ቤት የሌለው ባለሙያም በእጁ ያለውን ዕቃ ለብድር መያዣ ማድረግ ይችላል። ነገር ግን የትኛው አበዳሪ ነው ክምር አይቶ የሚገምት? ዓይነቱ፣ መጠኑ፣ የገባበትና የወጣበት ቀን ተጽፎ መቅረብ አለበት።

ይህን ሁሉ ለባለቤቱ ስነግረው በጥሞና አዳመጠኝ። ከዚያም የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ፣ «እሺ ጋሼ፣ መደርደሪያውን ግን ማን ይሠራልኛል?» አለኝ።