የቀርከሃ ቡቃያ (ምግብ)

የቀርከሃ ቡቃያ በቤኒሻንጉል-ጉሙዝ ክልል፣ በተለይም በበርታና በጉሙዝ ሕዝቦች ዘንድ፣ በክረምት የሚበላ ማባያ ነው። የሚገኘው በሳይንሳዊ ስሙ ኦክሲቴናንቴራ አቢሲኒካ ከሚባለው የቆላ ቀርከሃ ነው። ይህ ዝርያ በአሶሳ አካባቢ በብዛት ይበቅላል፤ ግንዱም እንደ ደጋ ቀርከሃ ባዶ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ነው።

አዘገጃጀት

ቡቃያው ዝናብ ሲገባ ከመሬት ብቅ ይላል፤ ሳይጠነክርም ይቆረጣል። የውጭ ሽፋኑ ተልጦ ለስላሳው ክፍል ይከተፋል፣ ይቀቀላል፤ ከዚያም ከማሽላ ገንፎ ጋር ይበላል። ጥሬው ቡቃያ ሲያናይድ የተባለውን መርዝ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር አለው። ስለዚህ በደንብ መቀቀልና ውሃውን መድፋት ያስፈልጋል።

አቆራረጥ

እያንዳንዱ ቡቃያ ቢተው አንድ ግንድ ይሆናል። ከአንድ ቁጥቋጦ ሁሉንም መቁረጥ ደኑን ስለሚያሳሳ የተወሰኑትን ማስቀረት ይገባል።