ባትሪ ወይስ ሃይድሮጅን? ከደብረ ማርቆስ መጋዘን ሲታይ

በጎጃም ጤፉም ስንዴውም ከመኪና ወደ መጋዘን የሚገባው በአብዛኛው በጫኝና አውራጅ ትከሻ ነው። ትልልቅ የዘይት ፋብሪካዎች በተተከሉባቸው በደብረ ማርቆስና በቡሬ ግን ሰፊ መጋዘን ያለው ሰው ስለ ፎርክሊፍት ማሰቡ አይቀርም። በናፍጣ የሚሠራው በተዘጋ ቤት ጭስ ይለቃል። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ባትሪ፣ ወይም ሃይድሮጅንን ከአየር ኦክስጅን ጋር አዋህዶ መብራት የሚያወጣው ፊውል ሴል።

አሜሪካ ውስጥ እነ ዋልማርትና አማዞን በሺዎች የሚቆጠሩ የሃይድሮጅን ፎርክሊፍቶች አሏቸው። የመረጡት ለጊዜ ሲሉ ነው። የተለመደው የእርሳስ ባትሪ 8 ሰዓት ይሠራል፣ 8 ሰዓት ይሞላል፣ 8 ሰዓት ይቀዘቅዛል፤ በሦስት ፈረቃ ለሚሠራ መጋዘን ለአንድ ማሽን ሦስት ባትሪ ያስፈልጋል ማለት ነው። ሃይድሮጅን በጥቂት ደቂቃ ይሞላል። መቶ ማሽን ሌት ተቀን ሲሠራ የማደያው ወጪም ተከፋፍሎ ይቀልላል።

እኛ ዘንድ ስሌቱ ሌላ ነው። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከውሃ ለመለየት ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይፈጃል፤ በ350 ባር ለማመቅ የሚሄደው ሳይታሰብ። ፎርክሊፍቱ ውስጥ ገብቶ መልሶ የሚሰጠው 16 ወይም 17 ያህል ነው። ያንኑ መብራት ሊቲየም ባትሪ ላይ ብትሞሉት ከ40 በላይ ታገኛላችሁ። ቦንድ ገዝተን ያሠራነው ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ቢሆንም ከመብራቱ ሦስት እጅ ሁለቱን መንገድ ላይ ማፍሰስ ምን ይሉታል?

ከፍታውም አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከወደብ ከተማ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ፊውል ሴል ኦክስጅኑን የሚስበው ከአየር ስለሆነ፣ እዚህ ጉልበቱን እንዳያጣ አየር መግፊያው የበለጠ መልፋት አለበት። ባትሪ አይተነፍስም።

ደግሞ ለመኪና ሸክም የሆነው የባትሪ ክብደት ለፎርክሊፍት ጥቅም ነው፤ ከፊት ጭነቱ ሲነሣ ከኋላ ሚዛን ይጠብቃል። በሃይድሮጅኑ ላይ ለዚሁ ሲባል ብረት ይጨመርበታል።

በአንድ ፈረቃ ለምትሠሩ የእርሳስ ባትሪ ይበቃል፤ ሌሊት ሲሞላ ያድራል፣ መግዣውም ርካሽ ነው። ሁለት ፈረቃ ከሆነ በምሳ ሰዓትም የሚሞላው ሊቲየም ይሻላል። እርሳሱን አውጥታችሁ ሊቲየም ስትተኩ ግን ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ዝቅተኛ የባትሪ ክብደት አንብቡ፤ ከዚያ የቀለለ ባትሪ ከገባ ጭነት ሲነሣ ፎርክሊፍቱ ሊገለበጥ ይችላል።