«0 ዓመት» ልምድ ላለን

«የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት።» ይህቺን መስመር ቴሌግራም ላይ ባየሁ ቁጥር ልቤ ትዘል ነበር። ቴምፖዬን ኮፒ፣ ሲቪዬን ፕሪንት አድርጌ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በሁለት ታክሲ መገናኛ እሄዳለሁ።

አንድ ቀን ተቀባይዋ ወረቀቴን ካርቶን ውስጥ ስትጨምረው አየሁ። ካርቶኑ ሞልቷል። ከላይ ያለውን ሲቪ ሰረቅ አድርጌ አነበብኩት፦ አካውንቲንግ፣ ኤግዚት ያለፈ፣ ኤክሴል የሚችል፣ «በቡድን መሥራት የሚወድ»። የኔ መስሎኝ ነበር። የሌላ ሰው ነው።

ከቤታችን ደጃፍ ቀና ስትሉ የእንጦጦ ባህር ዛፍ ይታያል። ሁሉም ቀጥ ያለ፣ ሁሉም ረዥም፤ ከሩቅ አንዱን ከሌላው አትለዩትም። ቀጣሪም እኛን እንደዚያ ነው የሚያየን።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ግዴታ ነው፤ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። ስለዚህ ዲግሪ ይዞ የሚመጣ አዲስ ተመራቂ ሁሉ ፈተናውን አልፏል ማለት ነው። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠናም በነፃና በኦንላይን ስለሆነ፣ ሰርተፍኬቱ ስንቶቻችን ስልክ ላይ አለ! ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ግን በር ያደርሳሉ እንጂ አያስገቡም።

እናቴ ሾላ ገበያ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች። ማታ ማታ «ምን አሉህ ልጄ?» ትለኛለች። «እንደውላለን አሉ» እላለሁ። የካርቶኑ ዕለት ማታ ግን መልስ አጣሁና ዝም ብዬ የዱቤ ደብተሯን አነሳሁ። አራት ዓመት ሒሳብ ተምሬ ያንን ደብተር አንድም ቀን ገልጬው አላውቅም ነበር።

የስድስት ወሩን ዱቤ ስልኬ ላይ ኤክሴል ውስጥ ለማስገባት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። 11 ደንበኞች የረሱት ዕዳ ተገኘ። የወፍጮና የትራንስፖርት ወጪ ሲደመርበት ደግሞ ሽሮው በሁለቱ ወራት ኪሳራ ነበር። እናቴ አየችና «ይሄን የምትችል ከሆነማ እስካሁን ምን ትጠብቅ ነበር?» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ሲቪዬ ላይ ለመጻፍ አፍሬ ነበር። የሾላ ገበያ ሒሳብ ቢሮ ይቀርባል እንዴ? በመጨረሻ የደንበኞቹን ስም አጥፍቼ፣ በአንድ ገጽ አሳትሜ ከማመልከቻዬ ጋር አያያዝኩት።

ሦስት ቦታ ማንም አልደወለልኝም። አራተኛው፣ አንድ አነስተኛ አስመጪ፣ ጠራኝ። ስለ ጂፒኤዬ የጠየቀኝ የለም፤ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ ሽሮ አወራን። ለሙከራ ቀጠሩኝ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ ጨርሼው ቋሚ ሆኛለሁ።

«ሰው ከሌለህ አትገባም» የምትሉ ትኖራላችሁ። አልዋሻችሁም፣ እንደዚያ ያለ ቦታ አለ። ግን ሰው የሚፈልግ ቦታም አለ፤ እዚያ ስንደርስ የምናሳየው ነገር ይኑረን።

ሲቪል ምህንድስና ከሆነ የተማራችሁት፣ የሰፈራችሁን የፈረሰ ቦይ ለክታችሁ የጥገናውን ወጪ አስሉ። ማርኬቲንግ ከሆነ የጎረቤታችሁን ካፌ ቲክቶክ አስፈቅዳችሁ ለአንድ ወር ያዙ፤ የበፊቱንና የአሁኑን ቁጥር መዝግቡ። ከዚያ በአንድ ገጽ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ችግሩ ምን ነበር? እኔ ምን ሠራሁ? ምን ተለወጠ? ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም እውነተኛ ይሁን፤ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያስወራችሁ እሱ ነው። ማስታወቂያ ሲወጣ ደግሞ ገጹ ዝግጁ ይሁን፤ ብዙዎቹ ክፍት የሚሆኑት 5 ወይም 10 የሥራ ቀን ብቻ ነው።

እናቴ አሁንም ማታ ማታ ትጠይቀኛለች። ጥያቄው ግን ተቀይሯል፦ «የዚህን ወር ደብተር መቼ ነው የምታስገባልኝ?»