ትኩሳቱ በረደ ማለት ልጁ ዳነ ማለት አይደለም

ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ዱከምን ያገኛል። መንገደኛው ጥሬ ሥጋውን በልቶ ጉዞውን ይቀጥላል። ከመንገዱ ጀርባ ባለው ሰፈር ግን አንዲት እናት በልጇ ራስጌ ተቀምጣ ታድራለች እንበል። ልጁ የ7 ዓመት ነው። በመጀመሪያ «ምች ነው» ተብሎ በዳማከሴ ታሸ፤ ትኩሳቱ ግን ዕለት ዕለት እየጨመረ ሄደ። ሆዱንም ያመዋል፥ ምግብም አስጠልቶታል።

ይህ ታይፎይድ፥ በሌላ ስሙ የአንጀት ተስቦ ሊሆን ይችላል። ስሙ ቢመሳሰልም በቅማል ከሚተላለፈው ተስቦ የተለየ ነው። ባክቴሪያው በዐይነ ምድር ከተበከለ ውኃና ምግብ ጋራ ገብቶ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቆይቶ ያሳምማል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ወባም ሊሆን ይችላልና ልጁን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይውሰዱ። ዊዳል የተባለው የደም ምርመራ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። የተሻለው ማስረጃ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ከተወሰደ ደም ላይ ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ ማየት ነው። ስለዚህ ከጎረቤት የተገኘ እንክብል አስቀድሞ መስጠት ምርመራውን ማበላሸት ነው።

ትክክለኛው መድኃኒት ከተጀመረም በኋላ ትኩሳቱ እስኪበርድ ጥቂት ቀናት ይወስዳል። ከዚያ ልጁ እንጀራ ሲጠይቅ እናቱ ደስ ይላታል፤ የቀረውንም መድኃኒት «ለሌላ ጊዜ» ብላ ታስቀምጣለች። ዋናው ስሕተት ይህ ነው! ያልሞተው ባክቴሪያ እንደ ገና ሊነሣ፥ መድኃኒቱንም ሊለማመድ ይችላል። በ3ኛው ሳምንት ግድም ደግሞ የቈሰለው አንጀት ሊበሳ ይችላል። ሆዱን በድንገት አጥብቆ ቢያመው፥ ሰገራው ቢጠቁር ወይም ደም ቢታይበት፥ ቢቃዥ ወይም መጠጣት ቢያቅተው፥ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ያድርሱት። የሚያስቀምጥ መድኃኒት ከቶ አይስጡት።

እቤት ሳለ አጥሚትና ሾርባ ጥቂት በጥቂት ይመግቡት። ቢያስቀምጠው ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ኦ አር ኤስ አንዱን ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠው ያጠጡት። በዱከም ከፍታ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፥ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ሰገራውን ያጸዳ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ሊጥ አይንካ።

እናቲቱም ሙሉ ደስታዋን ልጇ የታዘዘለትን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ለወሰደበት ቀን ታቆየው።