ድንጋይ ይወለዳል? ከፓርክዴል ለልጆቻችን

ፓርክዴል፣ ቶሮንቶ - ሰሞኑን ልጆች ይዘን ኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ወርደን ነበር። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ሮዝና ጥቁር መስመር ያለበት ጠጠር አንሥታ «ጋሼ፣ ድንጋይ ይወለዳል እንዴ?» ስትል ጠየቀችን። እኛ አገር ቤት የመንግሥት ጋዜጣ ስናዘጋጅ ስለ ድንጋይ የጻፍነው ባለሥልጣን የመሠረት ድንጋይ ሲያኖር ብቻ ነበርና፣ መልሱን አንብበን ልንመለስ ቃል ገባን። እነሆ!

አዎን ልጆች፣ ይወለዳል። ከምድር ሆድ ቀልጦ የወጣ አለት ሲበርድ ይጠጥራል። የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየፈሰሰ የተደራረበ ገሞራ ናቸው። አያቶቻችሁ እህል የፈጩበት ጥቁር ድንጋይም የዚሁ ዘመድ ነው። ምጡ ዛሬም አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአፋር፣ ዳባሁ አጠገብ፣ ከሥር የገባ ቅልጥ አለት ምድርን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሰንጥቆ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር አራርቋታል።

ድንጋይ ያረጃልም። ፀሐይና ብርድ ያሰነጥቁታል፤ ዝናብ ይሸረሽረዋል፤ ወንዝ ይሸከመዋል። ደለሉ ውሃ ሥር ተነባብሮ ሲጨመቅ ግን እንደገና ድንጋይ ይሆናል። በዓባይ ሸለቆ የሚታየው የኖራ ድንጋይ በዳይኖሰሮች ዘመን አገራችንን የሸፈነ ባሕር የተወው ነው። ከፓርክዴል በስተምዕራብ፣ ሃምበር ወንዝ ዳር ያለው ስስ ንብርብር ድንጋይም ከ450 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ጭቃ ነበር።

ድንጋይ ጠባዩን ይለውጣልም። የኖራ ድንጋይ በምድር ውስጥ ሙቀትና ግፊት ሲበዛበት፣ ሳይቀልጥ እብነ በረድ ይሆናል፤ ሊጥ ምጣድ ላይ እንጀራ እንደሚሆን ማለት ነው። ያቺ ባለመስመር ጠጠርም ከዚህ ወገን ናት። ዕድሜዋ ወደ አንድ ቢሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ነው። ከሰሜን የጎተታት ግግር በረዶ ከ12 ሺህ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ቀልጦ እዚህ ጥሏት ሄደ። ልጅቷ ይህን ስትሰማ «እሷም እንደናንተ ከሩቅ ነው የመጣችው» አለች። አልተሳሳተችም።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከገሞራ አለት ነው። ቀዳዳ የበዛበት ለስላሳ አለት ለመፍለፍል ይመቻል፤ ውሃም በቀላሉ ይሰርገዋል። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2008 በአንዳንዶቹ ላይ መጠለያ የተሠራው፤ የመጠለያው ክብደትም ራሱ ሌላ ሥጋት ሆኗል። አለቱን ለማዳን ጠባዩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ስለ ጠጠር ሲጠይቋችሁ «ዝም በሉ» አትበሏቸው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ያ ሰው ከመካከላቸው ሊወጣ ይችላል።

ቸር ይግጠመን።